ስለት ያለቀበት ቢላ

ፍየሉ ቋንጃው ተበስቶ ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ተዘርግቶ ሦስት ቢላዎች ተቀምጠውበታል። አንዱን ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ያወጣው ነው፤ ጀርባው ወፍራም፣ እጀታው በከመነዳሪ የተጠቀለለ። ሁለተኛው በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ፕላስቲክ እጀታ የቻይና ቢላ ነው። ሦስተኛው ብርቱካንማ እጀታ ያለው፣ ታጥፎ ኪስ የሚገባ ነው። የራሱ ስለት ግን የለውም። በስለቱ ቦታ የተሰበረ የሴጌቶ ምላጭ በድንጋይ ተሞርዶ በቀጭን ሽቦ ታስሮበታል።

ቦታው የአሶሳ ከተማ ዳር ነው። ባለቤቱ ስልሳን የተሻገሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ከልጆቻቸው ጋር በበርታኛ፣ ከጎረቤት ነጋዴ ጋር በዓረብኛ ያወራሉ። በጎልማሳነታቸው ጊዜ ፈቃድ ይዘው ከሚመጡ የውጭ አዳኞች ጋር ቆዳ ገፋፊ ሆነው ጥቂት ወቅቶች ሠርተዋል። ብርቱካንማው ቢላ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

«ሲሄድ የሰጠኝ ነው» አሉኝ እያገላበጡት። «ከነስለቱ። አሥራ ሁለት ነበር።»

«ስንት ጊዜ ቆየልዎ አባባ?»

«ክረምት አልደረሰም። ስለቱ አለቀ፣ እጀታው ቀረ። እጀታ ደግሞ ቆዳ አይገፍም፣ ልጄ።»

አሶሳ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ይህቺ ንግግር ግን ከአዲስ አበባ 650 ኪሎ ሜትር አልፌ የመጣሁበትን ጉዳይ አስረስታኝ ቀኑን ሙሉ ቢላ ሳይ ዋልሁ።

ስለቱ የሚቀየር ቢላ ለአዳኝ አዲስ ይምሰል እንጂ ሐሳቡን ፀጉር ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለሙያው ምላጩን ከነወረቀቱ ያሳይሃል፣ ይቀደዋል፣ መያዣው ውስጥ ይሰካዋል፣ ሲጨርስ ይጥለዋል። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ብልሃት ይኸው ነበር፤ መያዣው አንዴ ይገዛል፣ ስለቱ እንደ ክብሪት እንጨት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1915 ሞርጋን ፓርከር የተባለ ሰው ያንኑ ለቀዶ ጥገና ሐኪሞች አመጣው፤ ሐኪም ቤት የምናየው ስለቱ የሚነቀል ቢላ የእሱ ልጅ ነው። ጃፓናዊው ዮሺዮ ኦካዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ጫፉ እየተሰበረ አዲስ የሚሆነውን ከተር ሠራ። የተሰበረ ጠርሙስና የቸኮሌት መስመር አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል።

አዳኞች ዘንድ የደረሰው በመጨረሻ ነው። በኦሃዮ ሲንሲናቲ የቀዶ ጥገና ስለት የሚሸጥ ኩባንያ ሐኪሙ የሚይዘውን ስለት በሚታጠፍ እጀታ ላይ ሰክቶ ሃቫሎን የሚል ስም ሰጠው። ስሙ የገነነው ፒራንታ የሚባለው ሲሆን 60ኤ የሚል ቁጥር ያለው፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስለት ይይዛል። ሌሎቹም ተከተሉ። አውትዱር ኤጅ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ስለት ይዞ መጣ፤ የእሱ ስለት ብቻውን አይቆምም፣ ጀርባውን የሚደግፍ የብረት መያዣ ውስጥ ይገባል። የልዩነቱን ጥቅም ፍየሉ ላይ እናየዋለን።

ሽማግሌው ፍየሉን ያረዱት በባሌስትራው ነው። ሲስሉትም ከቤቱ ጀርባ ዞረው ነበር፤ እንስሳው ፊት ቢላ አይሳልም፣ ዱልዱም ቢላም ለእርድ አይቀርብም፤ ሃይማኖታቸው እንዲህ ያዛል። እዚህ ላይ የውጭ መጽሔቶች የማያነሡት አንድ ነገር አለ። ለአሜሪካዊው አዳኝ ቢላ የሚመዘዘው እንስሳው በጥይት ከሞተ በኋላ ነው። ለበርታው ሙስሊም ግን የቆሰለ ድኩላ ጋ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ፣ ጉሮሮውን በአንድ ስንዘራ ካልቆረጠ ሥጋው ላይበላ ይችላል። ክርስቲያኑም በስመ ሥላሴ አርዶ ነው የሚበላው። የመጀመሪያው ሥራ እርድ ከሆነ ደግሞ ያ ቀጭን የሐኪም ስለት አይሆንም። እንስሳው ይታገላል፣ አንገቱን ይጠመዝዛል፣ ስለቱም ይሰበራል። የሚሰበረው ደግሞ ወደ እጅ ነው።

ገፈፋው ሲጀመር ነገሩ ተገለበጠ። ሽማግሌው ብርቱካንማውን አንሥተው ከቋንጃው በላይ ዙሪያውን ቀደዱ፤ ከዚያ የሴጌቶውን ጫፍ ከቆዳው ሥር አስገብተው፣ ስለቱን ወደ ላይ አዙረው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ወደ ብልቱ ሳቡት። ከውጭ ወደ ውስጥ ብትቆርጥ ፀጉር ትቆርጣለህ። ፀጉሩ ውስጥ ደግሞ አቧራና አሸዋ አለ፤ ቢላ የሚያደነዝዘው ከሥጋው ይልቅ እሱ ነው። የዱር እንስሳ ላይ ይብሳል፤ ከርከሮ ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል ነው የሚውለው።

ጭኑ ላይ ሲደርሱ ቢላውን በጥርሳቸው ነክሰው በቡጢ ገቡ። ቆዳውን በግራ እጅ ይስባሉ፣ በቀኝ ቡጢ በሥጋውና በቆዳው መካከል ይገፋሉ፤ እርጥብ ጨርቅ ከእንጨት ላይ ሲላጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይመጣል። ጥሩ ገፋፊ ቢላ የሚይዘው ለሩብ ሥራው ብቻ ነው፤ ቀሪው የእጅና የክብደት ነው። ስለቱ የሚቀየር ቢላ ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ይህን ቢያይ ከገንዘቡ ግማሹ ይቀርለት ነበር ብዬ አሰብሁ።

ሆዱን ሲከፍቱ ጣታቸውን ከስለቱ ሥር አድርገው ነው። ጫፉ ጨጓራውን ከነካ ፈርሱ ይፈሳል፣ ሥጋውም ይበላሻል። እዚህ ላይ የሐኪሙ ዓይነት ስለት ከልክ በላይ ስለታም ነው፤ አይታገልህም፣ ስለዚህም የት እንዳለ አይነግርህም። ስለቱ ቀጭንና ጫፈ ሹል ከሆነ ሆድ ለመክፈት ጫፉ ዱልዱም የሆነውን መያዝ ይሻላል። ይህን የሚያውቁ አምራቾች ጫፉ ዱልዱም የሆነ ስለት ለብቻው ይሸጣሉ።

መገጣጠሚያው ላይ ሲደርሱ ብርቱካንማውን አስቀመጡት። አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸው ግን ባሌስትራውን እያነሡ ጣታቸውን አሳዩኝ፣ ጠቋሚው ላይ ያለ አሮጌ ጠባሳ። «ድሮ በዚያኛው ወርች ልለይ ብዬ ነው። ቀጭ አለ። ግማሹን ሥጋው ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ ማታ በፋኖስ አገኘሁት።»

አዲስ አበባ ቁርጥ ቤት ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ቢቆም ይገባዋል። ሥጋ ቀቅሎ ወይም ጠብሶ ብቻ ለሚበላ ሰው የተሰበረ ስለት ድድ የሚያደማ አደጋ ነው። ጥሬ ለሚበላ ሕዝብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ክትፎ ውስጥ የገባች የብረት ስንጥር ጉሮሮ ካለፈች ወሬዋ ሐኪም ቤት ነው የሚሰማው። ሐኪም የሚይዘው ስለት በጣም ጠንካራ በመሆኑ ሥሉን ይዞ ይቆያል፤ በዚያው ጥንካሬውና በቀጭንነቱ ግን ሲጠመዝዙት መታጠፍን አያውቅም፣ ይሰበራል። የባሌስትራው ብረት ለመተጣጠፍ የተሠራ ነው፤ ጭነት ተሸክሞ ጎርባጣ መንገድ ላይ ሲዘል የኖረ። ቶሎ ይዶለዱማል፣ ግን ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ሲፈተግ ይመለሳል። ጀርባው የተደገፈው ዓይነት የተሻለ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። መገጣጠሚያ ለመፍለጥ ግን እሱም አልተሠራም።

ደግነቱ የብልት አወጣጥ እውቀት አጥንት መቁረጥን አይጠይቅም። ቅርጫ ላይ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ብልት አዋቂው ዳቢቱን፣ ሻኛውን፣ ጎድኑን፣ ፍሪምባውን ሲለይ አንጓውን በጫፍ ፈልጎ ጅማቱን ነው የሚበጥሰው። ጩኸት ከሰማህ ብልት አዋቂው አዋቂ አይደለም።

የአዳኝ ቢላ ካነሣን አይቀር፣ ለመሆኑ በዚህ አገር የዱር ሥጋ ለምን እንዲህ ትልቅ ቦታ ያዘ? መልሱ ከዝንብ ይጀምራል። አሶሳ ያለችበት ቤንሻንጉል ጉሙዝ በአብዛኛው ቆላ ነው፤ በዓባይ፣ በዳቡስና በበለስ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ አለ፤ የቆላ ዝንብ ባለበት ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ አለ፤ ገንዲ ባለበት ደግሞ ከብት አይበረክትም። የደጋው ሰው በሬ ሲያርድ የቆላው ሰው ፍየል ያርዳል፣ ከጫካም ያመጣል። ለጉሙዝ ወንድ ቀስት የማንነቱ አካል ሆኖ ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩት ገበሬዎችም ከብት ለማርባት ሲነሡ ገንዲ ነው የተቀበላቸው።

ያ ሁሉ ዛሬ ሕግ አለበት። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ከልክሏል፤ ፈቃዱ ደግሞ በክፍያ ነው። ውጤቱ የሚያስተዛዝብ ነው፤ ድኩላውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ሕገ ወጥ ሆነ፣ ከሩቅ አገር በዶላር የመጣው ሕጋዊ። እንስሶቹ እያለቁ ነው፣ ስለዚህ መከልከሉን አልቃወምም። ግን ብርቱካንማው ቢላ በማን እጅ ገባ፣ በማን እጅ ስለቱ አለቀበት ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚህ ያገኘዋል። ስለዚህም ነው በዚህ ዘገባ የተገፈፈው ፍየል የሆነው።

እስካሁን ስለቱ የሚቀየር ቢላን ከአሜሪካ እንደመጣ እንግዳ አድርጌ አወራሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እንግዳው እኛ ቤት ከነበረው በኋላ የመጣ ነው።

በጋሞ ደጋ የቆዳ ፋቂዎች ዙካኖ እና ቱቱማ የሚባሉ ሁለት የእንጨት እጀታዎች አሏቸው። ዙካኖው ላይ የባልጩቱ መፋቂያ በሙጫ ይጣበቃል፤ ቱቱማው ላይ በተሰነጠቀው እንጨት መካከል ይሰካል። ፋቂው ይፍቃል፤ ሲዶለዱም ጠርዙን በብረት ወይም በሌላ ድንጋይ መታ አድርጎ ይስለዋል፤ ደግሞ ይፍቃል፤ ድንጋዩ እያነሰ እያነሰ ሲመጣ ነቅሎ ይጥልና አዲስ ይሰካል። እጀታው ዓመታት ይቆያል። በኮንሶ ይህን ሥራ የያዙት ሴቶች ናቸው፤ ድንጋዩን የሚመርጡትም፣ የሚጠርቡትም፣ የሚሰኩትም እነሱ። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ስቲቨን ብራንት እና ካትሪን ዊድማን አርተር ለዓመታት አብረዋቸው ተቀምጠው ጽፈውታል፤ የድንጋይ መሣሪያ የወንድ ሥራ ነው የሚለው የቆየ ግምትም በኮንሶ ሴቶች ምክንያት ተናግቷል። ባልጩት ሲጠፋ የጠርሙስ ስባሪ የሚጠቀሙ ፋቂዎችም አሉ። የእኛን ሽማግሌ ሴጌቶ ሳይ እነሱ ትዝ አሉኝ።

ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች በየማኅበረሰባቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ ፋቂ የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ሆኖ ቆይቷል። ያን ዓይነት እጀታ በብርቱካንማ ፕላስቲክ ሠርቶ ለዓለም የሸጠው ሌላ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። አሶሳ አካባቢ ቃባ እና ቤል ቁርቁሙ የሚባሉ የዋሻ መጠለያዎች አሉ። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። ያገኙት በአብዛኛው ከኳርትዝ የተፈለጡ ስለቶችን ነው። ኳርትዝ ለመፍለጥ አስቸጋሪ፣ ያሰቡት ቅርጽ የማይወጣለት ድንጋይ ነው፤ ግን የአገሩ ድንጋይ እሱ ነበርና በእሱ ሠሩ። በአፋር ጎና ደግሞ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሞላቸው የድንጋይ ስለቶች ተገኝተዋል፤ ቡሪ ላይ የተገኙት 2.5 ሚሊዮን ዓመት የቆዩ አጥንቶች ስለት የፋቃቸው ምልክት አላቸው። ያ ስለት ደግሞ ሲዶለዱም አይሳልም ነበር፤ ሌላ ይፈለጣል። ስሎ መልሶ መሥራቱ ነው ኋላ የመጣው።

ወደ ፍየላችን እንመለስ። ቆዳው ወርዷል፤ ሽማግሌው ፀጉሩን ወደ ታች አድርገው ከረጢቱ ላይ ዘረጉትና በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወደ ፀሐይ አነሡት። ቀዳዳ ፍለጋ ነው። ሁለት አገኙ፤ አንዱ የሴጌቶው ጫፍ የወጋው፣ ሌላው ድሮ መዥገር የበላው። የቆዳ ነጋዴ የሚጠላው የመጀመሪያውን ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሠራው ነው። ቀዳዳ ባይወጣ እንኳ ስለቱ ከውስጥ በኩል የጫረው መስመር ቆዳው ሲለፋና ሲቀጥን ይወጣል፤ ጓንት ወይም ጃኬት ሊሆን የነበረው ቆዳ ወደ ርካሹ ይወርዳል። በገበያ ባቲ የሚል ስም ያለው የወሎ ፍየል ቆዳ ዋጋ ያገኘው በጥራቱ ነው። ቀጭን ምላጭ ያለው ቢላ በማያውቅ እጅ ላይ ለቆዳ ጠላት ነው፤ ከዱልዱም ቢላ ይልቅ ብዙ ቆዳ ይበሳል። ቆዳ ለመግፈፍ የሚሻለው ሆዱ የጎበጠ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተመለሰ ስለት ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር በበዓል ማግስት አዲስ አበባ መንገድ ዳር ተጥሎ የሚሸተው የበግ ቆዳ ይታወሰኛል። ገዢ የሌለውን ቆዳ ሰው ለምን ተጠንቅቆ ይገፋል? የሽማግሌው መልስ አጭር ነበር፦ ቆዳው መስገጃ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። ታርዶ ሳይሆን ሞቶ የተገኘ እንስሳ በምንም ቢላ አይነካ። አባ ሰንጋ በገፋፊው እጅ ላይ ባለች ትንሽ ቁስል ይገባል፤ ስለቱ የሚቀየር ቢላ ደግሞ ቁስል የማያጣ እጅ ነው የሚያተርፍልህ። ሰው የሚቆረጠው ሲገፍ ብቻ ሳይሆን የዶለዶመውን ስለት ሲነቅልም ነው፤ ሞራ የነካ ጣት ይንሸራተታል። በጣት ሳይሆን በፒንሳ ነው የሚነቀለው። የተነቀለውም ሣር ውስጥ አይጣልም፤ ልጅ በባዶ እግሩ ይሄዳል፣ ፍየልም ያገኘውን ይበላል። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይበቃል።

ታዲያ አሶሳ ላለ ሰው የትኛው ይሻላል? እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ የምመለከተው የቢላውን ስም ሳይሆን አንገቱን ነው። አንዳንዱ ኩባንያ ስለቱ የሚሰካበትን አንገት ለራሱ ብቻ ይሠራል፤ የእሱ ስለት ካለቀ የማንም ስለት አይገባም። አንዳንዱ ግን የሐኪሙን ልክ ነው የወሰደው። ቁጥር 4 የሚባለው የቀዶ ጥገና እጀታ ከ20 እስከ 25 ቁጥር ያላቸውን ስለቶች ይይዛል፤ ፒራንታ ቁጥር 22ንም ይቀበላል፣ ኩባንያው ራሱ በዚሁ ቁጥር ወፈር ያለ ስለት ይሸጣል። ቁጥር 22 ደግሞ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ያለ ተራ ነገር ነው። በዓመት አንዴ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላይ የተንጠለጠለ ቢላ ይዞ ከመኖር፣ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ከማለት፣ አንገቱ የጋራ የሆነውን መያዝ ነው። ከጎኑም ባሌስትራው ይኑር፤ ለእርድና ለአንጓ ከእሱ ሌላ አልፈልግም።

ይህን ሳስብ የሽማግሌው ብርቱካንማ እጀታ አንገት ምን ዓይነት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርሁ። ስሙ ተፍቆ ነበር፤ ፎቶ አንሥቼው ስለነበር ፎቶውን አወጣሁት፤ ሞላላ፣ በሁለት ጎኑ የተቦረቦረ። አዲስ አበባ አንድ የሕክምና ዕቃ መደብር ሄጄ ቁጥር 22 አንድ ፓኮ ገዛሁ። መቶ ስለት፣ እያንዳንዱ በብር ወረቀት የታሸገ። ሻጯ ለምን እንደፈለግሁት ስትጠይቀኝ «ለፍየል» አልኳት፤ አልሳቀችም፣ የእንስሳት ሐኪም ሳልመስላት አልቀረሁም።

ሁለተኛ አሶሳ ስሄድ ወዲያው አልሰጠኋቸውም፤ ቡና ተጠጣ። ከዚያ ፓኮውን አወጣሁ። ሽማግሌው አንዱን ቀደው ወደ ብርሃን ዘቅዝቀው አዩት።

«ይሄ የሐኪም ነው።»

«አዎ አባባ።»

ሽቦውን ፈትተው ሴጌቶውን አወጡ። አንገቱን በእጀ ጠባባቸው ጫፍ ጠረጉ። በፒንሳ ይዘው ስለቱን አንሸራተቱት፤ ትንሽ እምቢ አለ፣ ከዚያ ጠቅ አለ። በአውራ ጣታቸው ወዘወዙት፤ አይላቀቅም። ከበፊቱ አጠር ያለ ነው፣ ቀጭንም ነው። የክንዳቸውን ፀጉር ነካ አደረጉበት፤ ሳይጫኑት ፀጉሩ ወደቀ።

ስለቶቹን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱ። ክዳኑን ሊገጥሙ ሲሉ ቆም አሉና ሴጌቶውን ከመሬት አነሡ፤ በላስቲክ ጠቅልለው ከአዲሶቹ ላይ አስቀመጡት።